ወረርሽኝ ሲመጣ የሕፃናት የልብ ቀዶ ሕክምና የት የት ላይ ይበጠሳል?

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሙያ ባልደረቦች፦

ኮሮና የሕፃናትን ልብ ምን አደረገው ተብሎ ሲጠየቅ ብዙው ሰው የሚጠብቀው ስለ ቫይረሱ እንዲነገረው ነው። ስለ ቫይረሱ የሚባለው አጭር ነው። ልባቸው ላይ ችግር ይዘው ከተወለዱት ሕፃናት አብዛኞቹን ሲይዛቸው እንደ ጉንፋን አልፏቸዋል፤ ከንፈራቸው የሚጠቁረውን፣ የሳንባ ደም ግፊታቸው ከፍ ያለውንና ዳውን ሲንድረም ያለባቸውን ግን ጠንከር አድርጎ ይዟቸዋል። ጤነኛ ከነበሩትም ጥቂቶቹ ከተያዙ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ትኩሳት፣ ሽፍታና የልብ መድከም የሚያመጣ፣ መላ ሰውነትን የሚያስቆጣ ሕመም ታየባቸው። እኛ ዛሬ የምንነጋገረው ቫይረሱ ሳይነካቸው ስለተጎዱት ነው፤ ቀጠሯቸው ስለተራዘመባቸው።

በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 8 ወይም 9ኙ የልብ አፈጣጠር ችግር ይኖርባቸዋል። ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ ገደማ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ወይም በደም ሥር በሚገባ ቱቦ የሚሠራ ሕክምና ያስፈልገዋል። እንደኛ ባለ አገር በዚህ ላይ የቶንሲል መዘዝ የሆነው ሩማቲክ የልብ ሕመም ይጨመራል፤ ለትምህርት የደረሱትን ልጆች ቫልቭ የሚበላው እሱ ነው።

በሆስፒታል ቋንቋ «ኢሌክቲቭ» የሚባል ቃል አለ። «አስቸኳይ ያልሆነ» ብለን እንተረጉመዋለን፤ ችግሩ የሚጀምረውም እዚያው ትርጉሙ ላይ ነው። ወረርሽኝ ሲገባ በብዙ አገር ቀድመው ከሚወጡት መመሪያዎች አንዱ «ኢሌክቲቭ ቀዶ ሕክምና ይቁም» የሚል ነው። ለሄርንያ ይሠራል። የሕፃን ልብ ላይ ግን ቃሉ ማለት የነበረበት «ቀን የተቆረጠለት» ብቻ ነው፤ የተቆረጠው ቀን ደግሞ ያለ ምክንያት አልተቆረጠም።

ትልቅ ቀዳዳ ያለበትን ሕፃን እንውሰድ። የታችኛዎቹን ሁለት የልብ ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ ክፍት ስለሆነ ደሙ ወደ ሳንባ ይጎርፋል። እናት የምታየው ይህን ነው፦ ጡት እየጠባ ግንባሩን ያልበዋል፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ጡቱን ይለቃል፣ ተመልሶ ይይዛል፣ ሳይጠግብ ደክሞት እንቅልፍ ይወስደዋል። ኪሎው አልጨምር ይላል። ይህን ቀዳዳ ለመዝጋት ጥሩው ጊዜ የመጀመሪያው ዓመት ነው። ዳውን ሲንድረም ኖሮበት የልቡ መካከል ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ከሆነ ደግሞ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ ቢሠራለት ይመረጣል። ጊዜው ሲያልፍ የሳንባ ደም ሥሮች ጎርፉን ለመቋቋም ግድግዳቸውን እያወፈሩ ይጠብባሉ። ያኔ የሚያታልል ነገር ይከተላል፤ ሕፃኑ የተሻለው ይመስላል። ላቡ ይቀንሳል፣ ትንፋሹ ረገብ ይላል፣ ኪሎ ይጨምራል። ምክንያቱ ቀዳዳው ስለጠበበ ላይሆን ይችላል፤ ሳንባው ደሙን አላስገባም ስላለ ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ በተሰረዘባቸው ወራት በስልክ «እንዴት ነው?» ሲባል «ተመስገን፣ ተሽሎታል» የሚለው መልስ ለአንዳንዱ ሕፃን ከሁሉ የከፋው ዜና ነው። የደም ሥሮቹ አንዴ በዚያው ከደረቁ ቀዳዳውን መዝጋት ይገድለዋል፤ የቀኙ ልብ ደሙን የሚያስተነፍስበት ያጣልና። ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምና የለም።

ሌላው ፋሎት የሚባለው የልብ አፈጣጠር ችግር ነው። እዚህ ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ ጠባብ ስለሆነ ያልተጣራ ደም በቀዳዳው አልፎ ወደ ሰውነት ይሄዳል። ልጁ ትንሽ ሮጦ ቁጢጥ ይላል። ይህ ልማድ ወይም ጨዋታ የሚመስለው አለ፤ ልጁ ራሱን እያከመ ነው። እግሩን ሲያጥፍ ወደ ታች የሚሄደው ደም ስለሚታፈን ወደ ሳንባ የሚገባው ይጨምራል። ሕፃን ሆኖ ቁጢጥ ማለት ካልቻለ በለቅሶ መሐል ድንገት ይጠቁራል፣ ይዝለፈለፋል። ያን ጊዜ ጉልበቱን አጥፎ ወደ ደረቱ መጫን፣ እናቱ እቅፍ ውስጥ እንዳለ ማረጋጋት፣ ኦክስጅን ካለ መስጠትና ወደ ሆስፒታል መብረር ነው። ጥቃቱ ከተደጋገመ ቀዶ ሕክምናው መቅደም አለበት ማለት ነው። ሲዘገይ ደግሞ ሰውነቱ የኦክስጅን እጥረቱን ለማካካስ ቀይ የደም ሴል እያበዛ ደሙን ያወፍረዋል። የደሙ ቀይ ክፍል ከ65 በመቶ ሲያልፍ አንድ ቀን ተቅማጥ ይበቃዋል፤ ፈሳሹ ሲጎድል ደሙ ረግቶ ጭንቅላት ውስጥ ሊዘጋ ይችላል። የፋሎት ልጅ ያለባት እናት ተቅማጥ ሲይዘው «ኮሮና ስላለ ሆስፒታል አልሄድም» ብላ ቤት ማቆየት የሌለባትም ለዚህ ነው።

ሁለቱ ትልልቅ ደም ሥሮች ቦታ ተለዋውጠው የተወለደ አራስ ጉዳይ ደግሞ በቀን የሚቆጠር ነው፤ ማስተካከያው ከመጀመሪያዎቹ 2 እስከ 4 ሳምንታት ማለፍ የለበትም፤ ከዚያ በኋላ የግራው ልብ ጡንቻ ይሰንፋል። በአገራችን የአራስ ልብ ቀዶ ሕክምና ከወትሮውም እጅግ ጥቂት ስለሆነ በዚህ ብዙ አንቆይም። በሌላው ጫፍ፣ የላይኛዎቹ ክፍሎች መካከል ያለ ቀዳዳ እስከ 3፣ 4፣ 5 ዓመት ቢቆይ ለአብዛኛው ልጅ ችግር የለውም።

አራቱ በአንድ መዝገብ ላይ «ኢሌክቲቭ» ተብለው ተሰልፈው ሊገኙ ይችላሉ። ወረፋው እንደ ስኳር ወረፋ በመጣበት ቅደም ተከተል ብቻ ከሄደ ስህተቱ የሚጀምረው ወረርሽኙ ሳይገባ ነው።

አሁን ወደ መጋቢት 2012 ዓ.ም. እንመለስ። በ2 የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ አለው። በ4 የመጀመሪያው ታማሚ እዚህ ተገኘ። በ7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከ14 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ሁሉ 14 ቀን ለይቶ ማቆያ እንዲቆይ ተደረገ። በ30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እነዚህ ውሳኔዎች ለበሽታው ቁጥጥር የተወሰዱ ናቸው፤ ከልብ ቀዶ ሕክምና አንጻር ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ክር ቆርጠዋል።

የለይቶ ማቆያውን እንይ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካቋቋሙት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት የተወለደ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው አማራጭ ልጆቹን ወደ ውጭ መላክ ነበር። ማዕከሉ ከተከፈተ በኋላም ለረጅም ጊዜ ብዙው ቀዶ ሕክምና የተሠራው ከውጭ በሚመጡ የበጎ ፈቃድ ቡድኖች ነው። እንዲህ ያለ ቡድን አንድ ሰው አይደለም። ቀዶ ሐኪም፣ የማደንዘዣ ሐኪም፣ የልብና ሳንባ ማሽን የሚነዳ ፐርፊዩዥኒስት፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የሚያነብ የልብ ሐኪም፣ የፅኑ ሕሙማን ሐኪም፣ ሌሊትና ቀን የሚፈራረቁ ነርሶች ሲቆጠሩ 10 እና 15 ሰው ይሞላሉ። ፈቃድ ወስደው የሚመጡት ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ነው። የ14 ቀን ለይቶ ማቆያ ሲጨመርበት የአንድ ሳምንቱ ጉዞ ሦስት ሳምንት ሆነ፤ አገራቸው ሲመለሱ ያለውን ሳንቆጥር። በገዛ ሆስፒታላቸው የኮቪድ ታማሚ የሞላበት የፅኑ ሕሙማን ነርስ ሦስት ሳምንት ፈቃድ የሚሰጣት የለም። የአንዷ ነርስ መቅረት ቡድኑን አያስቀረውም ይባል ይሆናል፤ ፐርፊዩዥኒስቱ ከቀረ ግን አንድም ልብ አይከፈትም።

ወደ ውጭ የመላኩ መንገድም በዚያው ወር ጠበበ። ለምሳሌ ሴቭ ኤ ቻይልድስ ሃርት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ እስራኤል ውስጥ በሆሎን ከተማ በዎልፍሰን ሆስፒታል የድሃ አገር ሕፃናትን ያሳክማል፤ ከኢትዮጵያም ብዙዎች ሄደውበታል። ሰማይ ሲዘጋ እንዲህ ያለው መንገድ በሁለቱም በኩል ይቆማል፦ የሚሄደው አይሄድም፣ ታክሞ የዳነውም እዚያው ይቆያል።

ከቡድኑ ጋር የሚቀር ሌላም ነገር አለ፤ ካርቶኑ። የልብ ቀዶ ሕክምና ዕቃ አብዛኛው አንዴ ብቻ የሚሠራ ነው። በማሽኑ ውስጥ ለደሙ ኦክስጅን የሚሰጠው ኦክስጅኔተር፣ የቱቦው ስብስብ፣ ልብ ውስጥ የሚገቡት ካኑላዎች፣ ቀዳዳ የሚለጠፍበት ጨርቅ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነው ክር፣ ቫልቩ፣ ሁሉም በልጁ ክብደት ይመረጣሉ። የ6 ኪሎ ሕፃን ኦክስጅኔተር በደቂቃ 900 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ማሳለፍ አለበት፤ ስሌቱ በኪሎ 150 ነው። ለ30 ኪሎ ልጅ የተሠራው መጋዘን ውስጥ ሞልቶ ቢገኝ ለዚህ ሕፃን አይረባም፤ ለመሙያው ብቻ የሚፈልገው ፈሳሽ የሕፃኑን ደም በጣም ያቀጥነዋል። የበጎ ፈቃድ ቡድኖች ይህን ሁሉ በሻንጣና በካርቶን ይዘው ይመጡ ነበር። ስለዚህ ቡድኑ ሲቀር እዚህ ያሉት ሐኪሞች እጃቸው ቢኖርም ዕቃው አይኖራቸውም። በጭነት የሚመጣውም የራሱ ችግር አለበት፤ ብዙው ዕቃ በመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ የሚጫን ነውና በረራ ሲቀንስ ዋጋውም የመድረሻ ቀኑም ይለዋወጣል። ሄፓሪንን ለብቻ ማንሳት ይገባል። ይህ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ያለሱ የልብና ሳንባ ማሽኑ ፓምፕ አይነሣም፤ በኪሎ ከ300 እስከ 400 ዩኒት ተሰጥቶ ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ ከ480 ሰከንድ ካላለፈ ደም ወደ ቱቦው አይለቀቅም። ምንጩ የአሳማ አንጀት ነው፣ ጥሬ ዕቃው በብዛት የሚመጣው ከቻይና ነው፣ በኮቪድ ደግሞ በየፅኑ ሕሙማን ክፍሉ ያለው ጎልማሳ ሁሉ ደሙ እንዳይረጋ እሱን መወጋት ጀመረ።

ትምህርት ቤት መዘጋቱ ከልብ ቀዶ ሕክምና ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። የሚያገናኘው ደም ነው። ደም ባንክ ከበጎ ፈቃደኛ የሚሰበስበው በብዛት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከኮሌጅና ከዩኒቨርሲቲ ነው፤ ተማሪው ቤቱ ሲገባ የደም ከረጢቱም ባዶ ይሆናል።

ስሌቱን በአንድ ሕፃን እናሳይ። የ6 ኪሎ ሕፃን አጠቃላይ ደሙ 480 ሚሊ ሊትር ነው፣ በኪሎ 80። ከግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ያንሳል ማለት ነው። ማሽኑን ለመሙላት 400 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል እንበል። ቀይ የደም ክፍሉ 36 በመቶ የነበረ ሕፃን ማሽኑ በጨው ውኃ ብቻ ተሞልቶ ቢገናኝ 36 በ480 ተባዝቶ ለ880 ሲካፈል ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ማሽኑ ራሱ በደም መሞላት አለበት። ደሙም ትኩስ ቢሆን ይመረጣል፤ የቆየ ደም ፖታሲየም ስለሚያፈስ ለትንሽ ልብ አደጋ ነው። ከማሽኑ ከወረደ በኋላ ደግሞ ደም እንዲረጋ የሚያግዘው የደም ክፍል፣ ፕሌትሌት፣ ሊያስፈልግ ይችላል፤ እሱ ፍሪጅ አይገባም፣ ዕድሜውም 5 ቀን ብቻ ነው። ከወር በፊት ለግሰው ማስቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ በወረርሽኝ ጊዜ የሚሠራው ዘዴ የቤተሰብ ለጋሾችን ቀድሞ መመዝገብ ነው፦ ለአንድ ልጅ ቢያንስ 4 ሰው፣ ሁለቱ ከቀዶ ሕክምናው 3 ቀን በፊት፣ ሁለቱ በዕለቱ በስልክ የሚጠሩ። አንዱ ቢያስለው ምትክ እንዲኖር ነው። የሚለግሱት ደም እንደ ማንኛውም ደም ተመርምሮ ወደ ባንኩ ይገባል፤ የወንድም ደም ስለሆነ በቀጥታ ለልጁ ይሰጣል ማለት አይደለም። እንዲያውም የቅርብ ዘመድ ደም በጨረር ካልታከመ ባይሰጥ ይሻላል።

ኦክስጅን ላይ የተሳሳተ ንጽጽር ይደረጋል። «ሕፃናቱ ኦክስጅናችንን ይጨርሱብናል» የሚል ሥጋት ነበር። ባለ 40 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ጋዝ ይይዛል። በከፍተኛ ፍሰት 60 ሊትር በደቂቃ ንጹሕ ኦክስጅን የሚሳብለት ጎልማሳ በ100 ደቂቃ ይጨርሰዋል። በደቂቃ 3 ሊትር የሚበቃው ሕፃን በዚያው ሲሊንደር ከ33 ሰዓት በላይ ይቆያል። የልብ ሕፃናትን ክፍል መዝጋት የሚያተርፈው ኦክስጅን ኢምንት ነው። የሚያተርፈው ነርስን ነው፣ ክርክሩ መሆን የነበረበትም እዚያ ላይ ነው። ከልብ ቀዶ ሕክምና የወጣ ሕፃን ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ለብቻው አንድ ነርስ ይፈልጋል፤ ይህቺ ነርስ ቬንቲሌተር የምታውቅ በመሆኗ የኮቪድ ማዕከሉም የሚፈልጋት እሷን ነው። የማደንዘዣና የማስተኛ መድኃኒቶቹም፣ ፕሮፖፎል፣ ሚዳዞላም፣ ፌንታኒል፣ ጡንቻ ማላያው፣ በዓለም ላይ ያጠሩት በዚሁ ሽሚያ ነው።

ክፍሉ ሳይዘጋ የቀጠለበት ቦታም ቢሆን የሚሠራው ሰው ቁጥር ይወርዳል። ለምን እንደሚወርድ በዝርዝር መናገር ይገባል፤ አስተዳደሩ «ክፍሉ ክፍት ነው፣ ለምን አትሠሩም?» ይላልና። ልጁና አስታማሚዋ ከመግባታቸው በፊት በ48 ወይም በ72 ሰዓት ውስጥ ይመረመራሉ። ውጤት ሲዘገይ ተራው ያልፋል፣ ለሌላ ልጅ ለመስጠትም የዚያ ልጅ ውጤት የለም። የመተንፈሻ ቱቦ ሲገባና ሲወጣ ብናኝ ስለሚነሣ አየሩ እስኪጠራ ክፍሉ ባዶ መቆየት አለበት። አየር በሰዓት 15 ጊዜ የሚቀየርበት የኦፕሬሽን ክፍል 99.9 በመቶ ለመጥራት 28 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ 6 ጊዜ ብቻ ከሆነ 69 ደቂቃ። ሲገባም ሲወጣም ይህ ይታሰባል። ማጣሪያው ያረጀ ክፍል ውስጥ በቀን ሁለት ልጅ ይሠራ የነበረው አንድ ይሆናል፣ ማንም ሳይሰንፍ።

ምርመራው ላይ ኮቪድ የተገኘበት ልጅስ? ከ116 አገሮች ከ140,000 በላይ ሕሙማንን ያካተተና እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የወጣ ጥናት፣ ከተያዙ በኋላ እስከ 6 ሳምንት በተሠራላቸው ላይ የሞት መጠን ከፍ ማለቱን አሳይቶ 7 ሳምንት መጠበቅን መክሯል። ይህ ስለ ማንኛውም ዓይነት ቀዶ ሕክምና የተባለ ነው። ማሽኑ ራሱ ሳንባን ስለሚያስቆጣ ለልብ ቀዶ ሕክምና ምክሩ የበለጠ ይከብዳል። ያም ሆኖ ሰባቱን ሳምንት እንደ አዋጅ መያዝ ስህተት ነው። የላይኛው ክፍል ቀዳዳ ያለበት ልጅ ይጠብቅ። ጥቃቱ የሚደጋገምበት የፋሎት ሕፃን ግን 7 ሳምንት ላይኖር ይችላል፤ ለእሱ ሳንባው ካልተጎዳ መሥራቱ ወይም ወደ ሳንባ ደም የሚያሻግር ትንሽ ቱቦ በጊዜያዊነት መትከሉ ይሻላል።

የሠራተኛው ነገር ቀላል ስለሆነ በአጭሩ እንለፈው፦ ቡድኑን ለሁለት ከፍሎ፣ ምሳ እንኳ አብረው የማይበሉ፣ አንዱ ሲያዝ ሌላው እንዲተርፍ ማድረግ። የሚያዳግተው አንድ ብቻ ሙያተኛ ያለበት ቦታ ላይ ነው። አንድ ፐርፊዩዥኒስት ለሁለት አይከፈልም። ሁለተኛ ማሠልጠን በወረርሽኝ መሐል የሚታሰብ አይደለም፤ ዓመታት ይፈጃል።

አሁን ወላጆች በደንብ እንድትሰሙን የምንፈልገው ክፍል ላይ ደርሰናል። በአዋጁ ወቅት ተሽከርካሪ በግማሽ ተሳፋሪ እንዲጭን ተደርጎ ታሪፍ ጨመረ፤ ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ቤተሰብ ክትትሉን አቋረጠ። ክትትል ሲቋረጥ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ መድኃኒት በማጣት ሳይሆን መድኃኒቱ ባለበት በመቆየቱ ነው። ሽንት የሚያሸናው ፉሮስማይድ በኪሎ ይታዘዛል፤ በተለመደው 1 ሚሊ ግራም በኪሎ መጠን 5 ኪሎ ሆኖ 5 ሚሊ ግራም የታዘዘለት ሕፃን ከአራት ወር በኋላ 7 ኪሎ ከሆነ የሚወስደው ከሚያስፈልገው በሩብ በላይ ያንሳል። እናት መድኃኒቱን አንድም ቀን ሳታስተጓጉል ልጁ ሊደክም ይችላል፤ «በትክክል አልሰጠሽውም» ብሎ መቆጣት ደግሞ ሁለተኛ በደል ነው። መጠኑን ራሳችሁ አትቀይሩ፤ አቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ አስመዝናችሁ ኪሎውን ለሚከታተለው ሐኪም በስልክ ንገሩ።

ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተገጠመላቸው ልጆች ዋርፋሪን፣ በተለምዶ ደም ማቅጠኛ የምንለውን፣ ይወስዳሉ። ልኩ የሚታወቀው አይ.ኤን.አር. በሚባል የደም ምርመራ ነው፤ በግራው ልብ የላይኛና የታችኛ ክፍል መካከል ላለው ሚትራል ቫልቭ ብዙ ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ይፈለጋል። እዚህ ላይ አንድ የራሳችን ነገር አለ። ገደቡ የመጣው በዐቢይ ጾም እኩሌታ ነው፤ ፋሲካ ሚያዝያ 11 ነበር። ጾም ሲገባ ጎመኑ ይበዛል፣ ጎመን ቫይታሚን ኬ የሞላበት ነው፣ ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ያፈርሳል። በሌላው ዓመት ምርመራው ይይዘዋል። ምርመራ በሌለበት ወር ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። መፍትሔው ጎመን ማቆም አይደለም፤ በሳምንት የሚበላውን መጠን እኩል ማድረግ ነው፣ በጾምም በፍስክም። የቫልቩ የጠራ የ«ቀጭ» ድምፅ ከታፈነ፣ ልጁ ድንገት ካፈነው ወይም አንድ ጎኑ ከሰነፈ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል።

የሩማቲክ ልጆች በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጉት ፔንሲሊን ሌላው ነው። ከ27 ኪሎ በታች 600 ሺህ፣ ከዚያ በላይ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት። ይህ መርፌ ሪፈራል ሆስፒታል አያስፈልገውም፤ ለአለርጂ ድንገተኛ ዝግጅት ያለው ጤና ጣቢያ ይበቃል። ወረርሽኝ ባይኖርም ወደ ታች መውረድ የነበረበት አገልግሎት ነው። እውነቱን ለመናገር ትምህርት ቤት ሲዘጋና ሰው ጭምብል ሲያደርግ የቶንሲል ባክቴሪያውም ስርጭቱ ቀንሶ ነበር፤ ስለዚህ መርፌ የዘለሉ ልጆች በዚያው ወቅት ሁሉም አልታመሙም። ገደቡ ሲላላ ባክቴሪያው ተመልሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓ አገሮች ከባድ ዓይነቱ መጨመሩን አስታውቋል። መርፌው ተቋርጦ የቀረ ልጅ ይህን ጊዜ ነው ራቁቱን የሚያገኘው።

የተጠራቀመው ውዝፍስ እንዴት ይቃለላል? ለምሳሌ በሳምንት 8 ልጅ የሚሠራ ክፍል 20 ሳምንት ቢቆም 160 ልጅ ይወዘፋል። ከተመለሰ በኋላ በሳምንት አንድ ጨምሮ 9 ቢሠራ ውዝፉን ለመጨረስ 160 ሳምንት፣ ማለትም ከሦስት ዓመት በላይ ይፈጃል። እሱም በየሳምንቱ አዲስ የሚመጣው ልጅ ከ8 ባይበልጥ፣ የተወዘፈው ልጅም እንደ ነበረ ቢቆይ ነው። አይቆይም። በጊዜው ቢሠራ በ2 ቀን ከፅኑ ክፍል የሚወጣው የቀዳዳ ልጅ የሳንባ ግፊቱ ከፍ ብሎ ሲመጣ አንድ ሳምንት አልጋ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ዘጠኙ ቀርቶ ስምንቱም ላይደርስ ይችላል።

ለዚህ ነው ዝርዝሩን በወረፋ ቁጥር ሳይሆን በቀን ገደብ መያዝ የሚሻለው። ከእያንዳንዱ ልጅ ስም ፊት «ከዚህ ቀን ባይዘገይ» ተብሎ ይጻፋል። በየ4 ሳምንቱ በስልክ አራት ጥያቄ ይጠየቃል፦ ኪሎው ስንት ደረሰ? በእንቅልፉ በደቂቃ ስንቴ ይተነፍሳል? ሲያለቅስ ይጠቁራል? ጡት ለመጨረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ትንፋሹ ከ2 ወር በታች 60፣ እስከ ዓመት 50፣ እስከ 5 ዓመት 40 ከደረሰ ፈጣን ነው፤ ይህን መቁጠር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለሳንባ ምች ብለው ድሮም ያውቁታል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በኮቪድ ምክንያት በየጤና ተቋሙ መግባቱ ከወረርሽኙ የቀረልን መልካም ነገር ነው፤ አዲስ አበባና ደጋው ላይ የጤነኛ ሕፃን ቁጥርም ከቆላው ትንሽ ዝቅ እንደሚል ግን አትርሱ። «ተሽሎታል» የተባለው የትልቅ ቀዳዳ ልጅ ኢኮ እንዲደገምለት ቀድሞ ይጠራ።

ክፍሉ እንደገና ሲከፈት ያ ቀን በቀጥታ ከባዱን ልጅ ማስገቢያ አይደለም። ወራት የቆመ ማሽን አለ። ደሙን የሚያሞቀውና የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ ውስጥ ውኃ ተኝቶበት ከከረመ ባክቴሪያ ያበቅላል፤ ተፍስሶ፣ በኬሚካል ታጥቦ፣ ናሙናው መታየት አለበት። ፓምፑ ልኬቱ ይታደሳል። መደርደሪያ ላይ ያለው ኦክስጅኔተርና ካኑላ የመጠቀሚያ ቀኑ አንድ በአንድ ይነበባል፤ ሲከፈት ያለፈበት መሆኑ የሚታወቀው ልጁ ከተኛ በኋላ መሆን የለበትም። የመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንድ፣ ፓምፕ በማይፈልግ ልጅ ይጀመራል፤ ቀጥሎ የላይኛው ክፍል ቀዳዳ፣ ከዚያ የታችኛው፣ ነርሶቹ ሌሊቱን ሳይጨነቁ ማደር ሲጀምሩ ፋሎት።

ከዚያ ወላጆች ጋ መደወል ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ነው። ካርዱ ላይ ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ እሱም ተዘግቷል ወይም ተሸጧል። ልጁ ይኑር ይሙት፣ ተሽሎት ይሁን ሌላ ቦታ ታክሞ ሳይታወቅ ተራው ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ ካርድ ሲወጣ ሦስት ቁጥር ይመዝገብ፦ የእናት ወይም የአባት፣ ቤታቸውን የሚያውቅ ጎረቤት፣ እና የቀበሌያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ሦስተኛዋ ብትቀየር እንኳ የምትተካት ቤቱን ከመዝገብ ታገኘዋለች።